መካኒኩ «ሞተሩ ሞቷል» አለ፤ ልጄ «አልሞተም» ትላለች

ጥያቄ

ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሱሉልታ ነው የምኖረው። ከ16 ዓመት ልጄ ጋር አንዲት የ1968 እ.ኤ.አ. ሥሪት ቮልስ፣ ባለ 1300 ሞተር፣ እያደስን ነው። መኪናዋ 11 ዓመት ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ቆማለች። እስካሁን ዘይት ቀይረናል፤ አዲስ ባትሪ፣ ካንዴላና ፑንቲና አስገብተናል፤ አሮጌውን ቤንዚን አራግፈን አዲስ ሞልተናል። ሞተሩ ይነሳል። ግን ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ሲቆም ይንቀጠቀጣል። ከበራችን እስከ አስፋልቱ ያለችውን አጭር ዳገት እንኳ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የሚወጣት።

መካኒክ ጠርተን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚጨመቅበትን ግፊት፣ ለካልን። ልጄ ሁሉን ደብተር ላይ ስለምትጽፍ እንዳለ ልገልብጥልዎ፦ አንደኛው ሲሊንደር 82፣ ሁለተኛው 80፣ ሦስተኛው 38፣ አራተኛው 78 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ)። ከሥሩ «ሞተሩ ሞቆ ነበር፤ አራቱም ካንዴላ ወጥቷል፤ የቤንዚን ፔዳሉ ግን አልተረገጠም» ብላ ጽፋለች። መካኒኩ «ከመቶ በታች ያነበበ ሞተር የሞተ ነው» አለና ሌላ ሞተር ገጥሞ፣ ሙሉ ቀለም ቀብቶ ለማስረከብ 180 ሺህ ብር ጠየቀ። ሰኞ ሊወስዳት ተስማምተናል።

ልጄ «ሦስቱ ደህና ናቸው፤ የታመመው አንዱ ነው» ብላ ተከራከረች፤ አልሰማ ስላት መኪናዋ አጠገብ መድረስ ትታለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ሥራው እንዲፈጥን ብዬ ቁልፉን ከእጇ እየወሰድኩ የጨረስኩባት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንድ ዳዶ ለማጥበቅ ሦስት ጊዜ ትለካለች። እናቷ በበኩሏ ስለ እጇና ስለ ሳንባዋ ትሰጋለች። ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ ወለሉ ዝጎ ተበስቷል።

ሞተሩ እውነት ሞቷል? ቀለሙ ይቅደም ወይስ ሞተሩ? ለልጄ የትኛውን ሥራ ልስጣት፣ የትኛውን ልከልክላት? ስናበቃስ ትንዳት?

የቮልሷ አባት፣ ከሱሉልታ

መልስ

ጤና ይስጥልኝ። የሰኞውን ቀጠሮ ይሰርዙት። በጻፉልን ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ሞተር አይጣልም። ልጅዎ ያለችው ትክክል ነው፤ ያውም መልሱን የያዘው እርስዎ እንደ ዋዛ የገለበጡት የደብተሯ የግርጌ መስመር ነው።

የ1300 ሞተር በደህና ጊዜው ከ100 እስከ 130 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ያነብባል ሲባል ባሕር ጠለል ላይ ማለት ነው። እናንተ ያላችሁት ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 73 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ሲሊንደሩ ሲስብ የሚገባለት አየርም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ 100 የነበረው 73፣ 130 የነበረው 95 ሆኖ ይነበባል። የእናንተ 82፣ 80 እና 78 ለሱሉልታ ጤነኛ ቁጥሮች ናቸው። በዚያ ላይ ፔዳሉ ሳይረገጥ መለካቱ አለ። የካርቡራቶሩ በር ተዘግቶ ሲለካ ሞተሩ አየር ስለሚቸግረው ንባቡ ይወርዳል። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አምስት ስድስት ዙር ሞተሪኖው ሲዞር ሦስቱ ትንሽ ከፍ ማለታቸው አይቀርም። ሦስተኛው ግን ይታከማል።

ቮልስ ላይ ቀድሞ የሚታመመው ሦስተኛው ሲሊንደር መሆኑ በዘፈቀደ አይደለም። በዚያ ዘመን ሥሪት የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ከማራገቢያው ሽፋን ውስጥ፣ ልክ ከሦስተኛው በላይ ነው። የማራገቢያው አየር መጀመሪያ ዘይቱን ያቀዘቅዛል፤ ሲሊንደሩ የሚደርሰው ሞቆና ቀንሶ ነው። ፋብሪካው ይህን ያረመው ለ1971 ሥሪት ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ አውጥቶ ነው። የሦስተኛው የጭስ ቫልቮላ ከመጠን በላይ ሲግል ዘንጉ ይረዝማል፤ በሮከሩ (ቫልቮላውን ተጭኖ በሚከፍተው ክንድ) እና በቫልቮላው ጫፍ መካከል ያለችው ክፍተት ትጠፋለች፤ ቫልቮላው ወንበሩ ላይ መግጠም ያቅተዋል። ቫልቮላ ሙቀቱን የሚያራግፈው ወንበሩ ላይ በተቀመጠባት ቅጽበት ስለሆነ ካልተቀመጠ ይቃጠላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የአንድ ሰዓት ነው፣ የሚሠራውም ልጅዎ ናት። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ሁለቱን የቫልቮላ ክዳኖች ታንሳ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍታ፣ ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚዞርበትን የሞተሩን መዘውር) በእጇ እያዞረች የሚሽከረከረው ጣት ዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ካለችው ጭረት ፊት ሲቆምና የፑሌጃው ምልክት ከሞተሩ ቤት መጋጠሚያ መስመር ጋር ሲገጥም አንደኛው ሲሊንደር ለመለካት ዝግጁ ነው። አንደኛው በመኪናዋ ቀኝ የፊተኛው ነው፤ ሁለተኛው ከኋላው፤ ሦስተኛው በግራ የፊተኛው፤ አራተኛው ከኋላው። ክፍተቱ ለጭሱም ለአየሩም 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ መለኪያዋ ላሜራ ስትሳብ ቀለል ያለ መያዝ ካላት ልክ ነው። ማሰሪያው ዳዶ በቁጥር 13 ቁልፍ ይፈታል፤ ቪቱ በካቻቢቴ ይስተካከላል፤ ዳዶው ከጠበቀ በኋላ እንደገና ይለካል፣ ሲጠብቅ ቪቱን ይዞት ስለሚዞር። ከዚያ ፑሌጃውን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ግማሽ ዙር እያዞረች ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን በተራ ታገኛቸዋለች። የፍንዳታው ተራ 1-4-3-2 ስለሆነ ወደ ኋላ ሲዞር 1-2-3-4 ይሆናል። ከማስተካከሏ በፊት ያገኘችውን ክፍተትም ትጻፈው፤ በኋላ ይፈለጋል።

የሦስተኛው የጭስ ቫልቮላ ክፍተት ዜሮ ሆኖ ከተገኘና ከተስተካከለ በኋላ ኮምፕሬሽኑ ከ70 በላይ ከወጣ ለጊዜው ተርፋችኋል። ለጊዜው ያልኩት ያ ዘንግ አንዴ መርዘም ከጀመረ ስለማይታመን ነው። ከ100 ኪሎሜትር በኋላ ሲለካ ክፍተቱ እንደገና ጠቦ ከተገኘ ሳይውል ሳያድር ቴስታታው (ቫልቮላዎቹን የያዘው የሲሊንደሩ ራስ) መውረድ አለበት። የቫልቮላው ራስ ተቆርጦ ሲሊንደር ውስጥ ከወደቀ ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይዞ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ መካኒኩ ያለው እውነት ይሆናል።

ክፍተቱ ልክ ሆኖም 38 ላይ ከቀረ ብዙ ሰው በካንዴላው ቀዳዳ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ ይለካል። ቮልስ ላይ ይህን አትመኑት። ሲሊንደሩ የተጋደመ ስለሆነ ዘይቱ ከሥር ተኝቶ ይቀራል፤ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ዙሪያውን አይዘጋውም። ይልቅ ሦስተኛውን ልክ ክፍተት ወደምትለካበት ቦታ አምጥታችሁ፣ በአራተኛ ማርሽ ከእጅ ፍሬን ጋር አስራችሁ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ከ3 እስከ 4 ባር የኮምፕሬሰር አየር ስጡት። ፑሌጃው ድንገት ሊዞር ስለሚችል እጅም ቺንጋም አጠገቡ አይኑር። ከዚያ ማዳመጥ ነው፤ ፉጨቱ በማርሚታው ከመጣ የጭስ ቫልቮላ፣ በካርቡራቶሩ ከመጣ የአየር ቫልቮላ፣ በዘይት መሙያው ከመጣ ፋሻ ነው። በምልክቶቹ ብፈርድ በማርሚታው ትሰሙታላችሁ።

ቴስታታ ለማውረድ ሞተሩ ይውጣ። ቮልስ ከሌላው መኪና የሚሻለው እዚህ ላይ ነው፤ ሞተሩ ካምቢዮው ላይ የተያዘው በአራት ማሰሪያ ብቻ ነው፣ ቁጥር 17። የቤንዚኑ ጎማ ተነቅሎ ይደፈን፤ የቦቢና፣ የዲናሞና የዘይት ግፊት ሽቦዎች፣ የፔዳሉ ገመድና የማሞቂያው ሁለት ገመዶች ይለቀቁ። ሞተሩ ከመቶ ኪሎ በላይ ስለሆነ ክሪኩ ከሥሩ ሳይገባ የመጨረሻው ዳዶ አይፈታ። ወደ ኋላ ሲሳብም ሲመለስም ዝንፍ ሳይል ቀጥ ብሎ ይሂድ፤ ክብደቱ የካምቢዮው ዘንግ ላይ ካረፈ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ይቆለምማል።

የሚወርደው የግራው ቴስታታ ብቻ ነው። ስምንቱ ዳዶ ከተፈታ በኋላ ሲሊንደሮቹን የያዛቸው ነገር አይኖርም፤ በገመድ እሰሯቸው፣ ሞተሩንም አታዙሩ። ሲሊንደሩ ከመቀመጫው ከተሳበ ከሥሩ ቆሻሻ ይገባና ሲጠብቅ ዘምሞ ይቀመጣል፣ ዘይትም ያፈሳል። አራቱ ፑሽሮዶች (ሮከሮቹን የሚገፉት ዘንጎች) ካርቶን ላይ ተሰክተው ቁጥር ይጻፍባቸው። ቴስታታውን አጥባችሁ ከቫልቮላ ወንበሮቹ እስከ ካንዴላው ቀዳዳ የተሰነጠቀ ነገር ፈልጉ። ቫልቮላውን ጥቂት አውጥታችሁ ስትወዘውዙት ከ0.8 ሚሊሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ መሪ ቱቦው አልቋል፤ ወደ ቶርኖ ቤት ይሂድ። የጭስ ቫልቮላዎቹ ሁለቱም በአዲስ ይቀየሩ። አሮጌ የጭስ ቫልቮላ አስሞርዶ መመለስ ገንዘብ ማዳን አይደለም።

ስትመልሱት የፑሽሮድ ቱቦዎቹ ሽብሽብ ክፍል በእጅ ተስቦ ርዝመታቸው ከ190 እስከ 191 ሚሊሜትር ይድረስ፤ አጥረው ከገቡ ጎማቸው ስለማይጨመቅ ዘይት ያንጠባጥባሉ። የቴስታታው ዳዶዎች በመጀመሪያው ዙር 1 ኪሎ ግራም ሜትር፣ በሁለተኛው 3.2 ድረስ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየተሰባጠረ ይጠበቅ። እዚህ ላይ ቁልፉን ከልጅዎ እጅ እንዳይወስዱ። ይህ ብረት ሳይሆን ማግኒዥየም ውስጥ የተሰካ ቡሎን ነው፤ «ትንሽ ልጨምርበት» የሚል ጠንካራ ክንድ ጥርሱን ነቅሎ ያወጣዋል። ሦስት ጊዜ የምትለካ ልጅ ለዚህ ሞተር የተፈጠረች ናት።

ወደ ጥቁሩ ጭስ ልምጣ፤ እሱ ከሦስተኛው ሲሊንደር የተለየ በሽታ ነው። ካርቡራቶሩን ከመንካታችሁ በፊት የአየር ማጣሪያውን ክፈቱ። የ11 ዓመት ዘይቱ ጭቃ ሆኖ ይሆናል፤ ታጥቦ በሞተር ዘይት እስከ ምልክቱ ይሞላ። ቀጥሎ አውቶማቲክ ቾኩን እዩ። ሞተሩ ሲነሳ 12 ቮልት የሚደርሰው ሽቦ አለው፤ እየሞቀ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የላይኛዋን በር ቀጥ አድርጎ መክፈት አለበት። ሽቦው ከወለቀ ወይም በሯ ከተጣበቀች ሞተሩ ቀኑን ሙሉ እንደ ማለዳ ቤንዚን ይጠጣል። ሦስተኛው የተንሳፋፊው መርፌ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቤንዚን ወደ ውስጥ ከተንጠባጠበ ይቀየር፣ ዘይቱም ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ይቀየር። 2.5 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው፤ አይሰሰትለት።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ቀሪው ከፍታው ነው። ዋናው ጄት (የካርቡራቶሩ የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) የተለካው ወፍራም አየር ላለበት አገር ነው፤ እናንተ ጋ ቤንዚኑ ያው ሆኖ አየሩ ይሳሳል። ጄቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። 125 ከሆነ 117.5 ወይም 115 ፈልጉለት። የተለመደው ብልሃት አሮጌውን በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ በመርፌ መብሳት ነው፤ ቀዳዳው ክብ ሆኖ ስለማይወጣ ዛሬ የተስተካከለው ነገ ይዛባል። አዲስ ሲገባ ካንዴላው ከዳገት መልስ ጥቁር ሳይሆን ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት መልክ ካሳየ ደርሳችኋል። የፑንቲናው ክፍተት 0.4፣ የካንዴላው 0.7 ሚሊሜትር ይሁን። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር ያዘዘው የካንዴላው እሳት ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ እንዲነሳ ነው፤ በስስ አየር እሳቱ ቀስ ብሎ ስለሚነድድ ሁለት ዲግሪ ቢጨመርለት ዳገት ላይ ይመሰገናል።

አሁን አንድ የምቆጣበት ነገር አለ። 11 ዓመት በቆመ ፍሬን ዳገት ወጥታችኋል፤ የወጣ ደግሞ ይወርዳል። ሞተሩን ለመሞከር ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት አራቱም የፍሬን ጎማ ቱቦዎች፣ በየጎማው ያሉት ፖምፓዎችና ዋናው ፖምፓ ይቀየሩ ወይም ተፈትተው ይታዩ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ዓመታት ሲቆም ፖምፓውን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ጎማው ቱቦ ደግሞ ከውስጥ ያብጥና ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ አልለቅ ይላል። አየር ስታወጡ ከቀኝ ኋላ ጀምራችሁ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። የመኪናዋ ጎማዎችም ያው 11 ዓመታቸው ነው፤ ጥርሳቸው ቢያምርም ይጣሉ።

የኋላውን ታምቡሮ የያዘው ቁጥር 36 ዳዶ 30 ኪሎ ግራም ሜትር ይፈልጋል፤ ይህን የሚለካ ቁልፍ ሰፈር ውስጥ አይገኝም። መኪናዋ መሬት ላይ ቆማ፣ ቧንቧው አግድም ሆኖ፣ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዳዶው መሐል 40 ሳንቲሜትር ላይ ቢቆም በትክክል 30 ይሆናል። 50 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ደግሞ 60 ሳንቲሜትር ላይ ትቆማለች። ትከሻ የሚይዝላት ሰው ይኑር። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ፊት ይጠበቅ እንጂ ወደ ኋላ አይፈታ።

ቀለሙ የመጨረሻ ነው። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፣ ብየዳ ያቃጥለዋል፣ የሚወጣና የሚገባ ሞተር ይጭረዋል። ከሁሉ በላይ ያ ቀዳዳ አለ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ ወለሉን መብላቱ የታወቀ ነው፤ አሳሳቢው ግን ከወለሉ ጋር የሚያያዙት የጎን ቱቦዎች፣ ከበሮቹ ሥር የሚያልፉት፣ ናቸው። አካሉን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ልጅዎ በካቻቢቴ እየወጋች የበሰበሰውን ሁሉ በኖራ ታክብብ። ወለሉ በ1 ሚሊሜትር ላሜራ ይጠገናል። የጎን ቱቦ የሚቆረጥ ከሆነ ግን አስቀድሞ በሮቹ ተዘግተው፣ የበሩ ቀዳዳ ከውስጥ በብረት ተወጥሮ፣ አንዱ ጎን ሳያልቅ ሌላው አይነካ፤ አለዚያ በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። ከ3 ሚሊሜትር የወፈረ ስቱኮ የሚጠይቅ ቦታ ቀጥቅጡልኝ የሚል ላሜራ ነው። ቀለሙን ከክረምቱ አርቁት፤ ጥቅምትና ኅዳር ለሱሉልታ ጥሩ ናቸው።

እናቷ የሰጋችው በከንቱ አይደለም። አሮጌ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ በውሃ ይታጠብ እንጂ በኮምፕሬሰር አይነፋ። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ። ማጠንከሪያ የሚደባለቅበት ቀለም ሲረጭ የአቧራ ጭንብል አያድንም፤ ያን ቀን ልጅቷ ግቢው ውስጥም አትኑር። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ፣ እርስዎንም ጨምሮ። የቤንዚን ታንከር ባዶ ቢሆንም አይበየድ። ከዚህ ውጭ ያለው፣ ቫልቮላ፣ ፑንቲና፣ ካርቡራቶር፣ ሽቦ፣ ልኬት ሁሉ፣ የእሷ ይሁን፤ ጉልበት የሚጠይቀው የእርስዎ።

ሞተር ቀይሩ ያላችሁ ሰው አንድ ነገር አልነገራችሁም። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተመዝግቧል፤ ሞተር ሲቀየር መዝገቡም መቀየር አለበት። ዲናሞው የተቀመጠበት እግር ሥር ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ የ1968 ባለ 1300 ከሆነ «ኤፍ» በሚለው የላቲን ፊደል ይጀምራል። የሻንሲው ቁጥር ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር መሐሉ ላይ ነው፤ ዝገቱ ሲበየድ እንዳይጠፋ። ለዕቃ ሶማሌ ተራና ምን አለሽ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃና ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱ፤ 1200ና 1300 ሁለቱም 77 ሚሊሜትር ሲሊንደር ስላላቸው «ያው ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም። የፒስተን ጉዞው ግን 64 እና 69 ነው። ሜክሲኮ ይህችን መኪና እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስለሠራች አዲስ ዕቃ አልጠፋም።

መንጃ ፈቃድ 18 ዓመት ይጠይቃል፤ ስለዚህ አትነዳም። መኪናዋ 500 ኪሎሜትር ስትሞላ ሞተሩን አሳድራ ቫልቮላዎቹን የምትለካው ግን እሷ ናት። የሦስተኛው ጭስ ከ0.15 ወርዶ ካገኘችው ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎም አይነዱም።